በግድግዳው ቀዳዳ የነበረው አምፖል

እኔ ቤት መብራት ዝም ብሎ አይጠፋም፤ መጀመሪያ ይጠየቃል። «እናጥፋው?» ይባላል፤ ከሌላው ክፍል መልስ እስኪመጣ ይጠበቃል፤ ማብሪያው የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው። የልጅ ልጄ ሳሮን አፏን ከፈታችበት ጊዜ ጀምሮ የተማረችው ይህንን ነው። ለእንግዳ ሰው ግራ ያጋባል። አንዲት ጎረቤቴ «ጡረታ የወጣች አስተማሪ ባዶውን ክፍል ሳይቀር ፈቃድ ትጠይቃለች» እያለች ታሾፍብኛለች። ታሹፍ! እሷ ያደገችው የራሱ አምፖል ባለው ቤት ነው፤ ምኑን አውቃው?

በዚህ ሰሞን ደግሞ ነገሩ ብሶበታል። ሳሮን አራተኛ ክፍል ናት። እናቷ ዱራሜ ጤና ጣቢያ ስለምትሠራ የምትመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው፤ በቀረው ቀን እዚህ ሆሳዕና ከእኔ ጋር ናት። መምህሯ «መብራት በከንቱ እንዳይባክን ቤተሰባችሁን አስተምሩ» ብለው ተማሪዎቻቸውን በየቤቱ አሰማሩ። አሰማሩ ማለቴ ያለ ነገር አይደለም፤ የኔዪቱ የሹመት ደብዳቤ የደረሳት ነው የመሰላት። የስልክ ቻርጀር ባዶውን ተሰክቶ ካገኘች ነቅላ እጄ ላይ ታስቀምጠዋለች። ቴሌቪዥኑን በሪሞት ብቻ አጥፍቼ ከተነሳሁ ተመልሼ ከሶኬቱ እንዳጠፋው ታደርገኛለች። ባለፈው ፍሪጅ ከፍቼ ብቆም «እማማ፣ ፍሪጅ ከፍተሽ አታስቢ!» ብላ ጮኸችብኝ። «ምን ላወጣ እንደነበር ረስቼ እኮ ነው» ብላት «ዘግተሽ አስታውሺዋ!» አለችኝ። ይህን ሁሉ ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ «በእርጥብ እጅ ማብሪያ አትንኩ፤ ሶኬት ስትነቅሉ ገመዱን አትጎትቱ፤ ካውያና ምድጃ አንድ ላይ አትሰኩ፤ ቀን መስኮት ክፈቱ እንጂ መብራት አታብሩ» እያልኩ የሰው ልጅ ሳሰለች ኖሬ፣ በስተርጅና ተራው የኔ ሆነ። እውነቱን ለመናገር ደስ ይለኝ ነበር፤ ነገሩ በረንዳው ላይ እስኪደርስ ድረስ።

«እማማ፣ ይሄኛው ግን ለምንድነው ቀንም የሚበራው?» አለችኝ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ አንገቷን ወደ በረንዳው ጣሪያ ሰብራ። «መምህራችን ለማንም የማያበራ መብራት ብክነት ነው ብለዋል። ይሄ ለማን ነው የሚያበራው?»

«እሱ አይነካም» አልኳት።

ሳሮን ለምን የማትል ልጅ አይደለችም። ያን ቀን ግን ለምን አላለችም። አየት አድርጋኝ ቦርሳዋን እየጎተተች ገባች።

በረንዳው ላይ ያለውን አምፖል የሰቀለው ልጄ ምህረቱ ነው፤ የሳሮን አባት። ወደ ደቡብ አፍሪካ ሊሄድ በተነሳበት ሰሞን ነው የሰቀለው። በእኛ አገር ደቡብ አፍሪካ ሲባል የሩቅ አገር ስም አይመስልም፤ እንደ ቦኖሻ፣ እንደ ዱራሜ ነው አፍ ላይ የሚገባው። ከየቤቱ አንድ ልጅ አለበት፤ የገባም አለ፣ የላከም አለ፣ ፎቅ የሠራም አለ፣ ወሬው የጠፋም አለ። ምህረቱ ወንበር ላይ ቆሞ ገመዱን እያጠበቀ፣ «እማዬ፣ ማታ ብመጣ በሩ እንዳይጠፋኝ፤ አታጥፊው» አለኝ እየሳቀ። ቀልዱን ነበር። እኔ ግን ቀልድ አልሆነልኝም። ለመጨረሻ ጊዜ ድምፁን የሰማሁት ሞያሌን እንዳለፈ ደውሎ ነው። «ደህና ነኝ፤ ሳሮንን ሳሚልኝ» አለ። ያኔ ሳሮን ገና ፊደል አልቆጠረችም ነበር። ከዚያ ወዲህ ስልኩም የለም፣ ወሬውም የለም። አብረውት ከሄዱት አንዱ ጫካ ውስጥ ተለያየን ይላል፤ አንዱ ታስሮ ይሆናል ይላል፤ ሌላው ስጠይቀው አቀርቅሮ ጫማውን ያያል። እኔ ከሁሉም የምፈራው ያንን ጫማውን የሚያየውን ነው።

ባለፈው ወር የእድራችን ሽማግሌዎች መጡ። ብዙ ዙሪያ ጥምጥም ሄደው፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ እንሰቱ አውርተው ሲያበቁ፣ ሰብሳቢያችን ጉሮሯቸውን ጠረጉና «እህታችን፣ እርሙን እናውጣ፤ ድንኳን ተክለን እናልቅስና አንቺም ትረፊ፣ ልጅቷም ትረፍ» አሉኝ። ሬሳ ላልተገኘለት ሰው እርም ማውጣት ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። እኔ ግን እሺ ካልኩ ልጄን በገዛ አፌ የገደልኩት መሰለኝ። ጊዜ ስጡኝ አልኳቸው። «መቼስ ምን ይደረጋል፤ አስቢበትና የመጪው ወር መጨረሻ እሑድ ማምሻውን እንመጣለን» ብለው ሄዱ። ሳሮን «ለማን ነው የሚያበራው?» ያለችኝ እንግዲህ ይህን ቀጠሮ በሆዴ ይዤ ስብሰለሰል ነው። ጥያቄዋን ጠይቃ ገባች፤ እኔ እዚያው በረንዳ ላይ ቆሜ ቀረሁ፤ ሐሳቤ ግን ልጅ ሆኜ ወዳደግኩበት ሰፈር፣ ወደ ጎፈር ሜዳ፣ ወደ ወይዘሮ በላይነሽ መደዳ ቤት ሄደ።

ባጃጅ የሚባል ፍጥረት ገና አልተወለደም ነበር። ሰው በእግሩ፣ ዕቃ በጋሪ ይሄዳል። ክረምት ሲገባ ጭቃው የኮንጎ ጫማችንን ነክሶ ያስቀርና በባዶ እግራችን ጎትተን እናወጣዋለን። ከእያንዳንዱ ቤት ጀርባ እንሰት፣ ከእያንዳንዱ ቤት ፊት አንድ ድንጋይ የሚቀመጡበት። ከረሜላ አምስት ሳንቲም፤ ሻይ በዳቦ ስሙኒ፤ ስኳር ከቀበሌ ሱቅ በሰልፍ። ወይዘሮ በላይነሽ አምስት ክፍል መደዳ አከራይተው የሚኖሩ፣ ጥቁር ሻሽ ከራሳቸው የማይጠፋ ሴት ነበሩ። ቆጣሪው ያለው እሳቸው ቤት ነው። ኪራይ በክፍል ይከፈላል፤ መብራት ደግሞ በአምፖል። ምሽት ሲሆን ከበር በር እየዞሩ «መብራት አጥፉ! ቆጣሪው እኮ የኔን ደም ነው የሚመጠው!» ይላሉ። የኤሌክትሪክ ካውያ በግቢያቸው ዞር አይልም፤ ካውያ በከሰል፣ ራዲዮ በባትሪ ድንጋይ። ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ዘፋኙም አብሮት ድምፁ ሰልሎ፣ እየጎተተ፣ የፍቅር ዘፈኑን የልቅሶ ያደርገዋል። ዛሬም በስልክ አንድ የድሮ ዘፈን ስሰማ ፍጥነቱ ይከብደኛል፤ እኔ የማውቀው ድንጋዩ የደከመውን ነው።

መብራት በአምፖል በሚከፈልበት ግቢ ብልህ ተከራይ ምን ያደርጋል? ሁለት ቤት አንድ አምፖል ይጋራል። በእኛና በጎረቤታችን መካከል የጭቃ ግድግዳ አለ፤ ግድግዳው ከሰው ቁመት ከፍ ብሎ ተቦርቡሮ፣ አምፖሉ ከቀዳዳው መሐል ተንጠለጠለ። ግማሹ ብርሃን ለእኛ፣ ግማሹ ለእነሱ። ብዙ ቤት እንዲህ ነበር፤ የሚያፍርበትም የለም። ማብሪያው ግን አንድ ስለሆነ በአንዱ ቤት በኩል መሆኑ ግድ ነው፤ የእኛ አምፖል ማብሪያው በእኛ በኩል ነበር። ለዚህ ነው መጠየቅ የመጣው። አባዬ መብራት የማያባክን ሰው ነው። «መብራት እንግዳ ነው፤ ሥራ ሳትይዙ አትጥሩት፤ ሥራችሁን ስትጨርሱ ሸኙት» ይለን ነበር፣ አማርኛውን በገበያ ስለተማረው በእኛው በሀድያ ዜማ እያስኬደ። ነገር ግን ሳይጠይቅ አጥፍቶ አያውቅም። ወደ ቀዳዳው ቀና ብሎ «የሺ፣ እናጥፋው?» ይላል። ከወዲያ ማዶ «አጥፉት ጋሼ» ካለች ይጠፋል። «ትንሽ ይቆይ» ካለች ይቆያል።

እትዬ የሺ የሰሜን ሰው ናት። ባሏ በመንግሥት ሥራ ተዛውሮ ሆሳዕና መጥቶ እዚሁ ሞተባት፤ እሷ ፈትል እየፈተለች አንድ ልጇን ታሳድጋለች። ልጇ ታደለ ይባላል። መቀመጫ ላይ ወጥቶ ጎፈሬው በቀዳዳው ብቅ ሲል ቤታችን ይጨልማል፤ «አንተ፣ ፀሐያችንን ጋረድክብን!» እንለዋለን። ሱሪውን የሚሰፋለት አባዬ ነው፤ አባዬ ልብስ ሰፊ ነበር። ከጉልበት በታች የሚሰፋ ቦላሌ፣ ጫማውን ውጦ መሬት የሚጠርግ። ታደለ በዚያ ቦላሌ በጭቃው መሐል ሲሄድ በሁለት እጁ እንደ ቀሚስ ሰብስቦ ይይዘዋል፤ የሰፈር ኮረዳ ሁሉ ይስቅበታል፤ ይወደዋልም። እኔ ደብተሬን ይዤ ከግድግዳው ሥር እቀመጣለሁ፤ እሱ ከወዲያ በኩል ይቀመጣል፤ ሒሳብ ሲጠፋኝ ጮክ ብዬ አነበዋለሁ፤ መልሱ በቀዳዳው ይመጣል። አንዳንዴ እጆቹን ከአምፖሉ ፊት አጣምሮ በእኛ ግድግዳ ላይ ጅብ፣ ፍየል፣ ጥንቸል ያስኬዳል። ያ ጅብ አሁንም አልፎ አልፎ ይመጣብኛል፤ ግድግዳ ላይ ጥላ ባየሁ ቁጥር ቀድሜ እጆቹን ነው የምፈልገው።

ከዚያ ወጣቶች ወደ ሰሜን የሚወሰዱበት ጊዜ መጣ። ለምን እንደሆነ፣ ማን እንዳዘዘ ሌላ ሰው ይጻፈው፤ እኔ የማስታውሰው የጭነት መኪናውን ነው። ገበያው ጠርዝ ላይ ቆሞ ነበር፤ የሄድነውም ወሬውን ሰምተን ነው። እትዬ የሺ ዳቦ በመቀነቷ ቋጥራ ስትሮጥ መኪናው ተንቀሳቀሰ። ከተጫኑት መሐል የታደለን ጎፈሬ አየነው፤ ፊቱን አላየነውም። እጆቿ ላይ ቋጠሮው እንዳለ ተመለሰች።

የዚያን ዕለት ምሽት አባዬ ወደ ቀዳዳው ቀና አለ። «የሺ፣ እናጥፋው?» አለ፣ እንደ ልማዱ ሳይሆን በለሆሳስ።

«ትንሽ ይቆይ ጋሼ።»

ትንሽ ቆይቶ እንደገና ጠየቃት። «ትንሽ ይቆይ» አለች። በማግስቱም፣ በሳልስቱም መልሷ ያው ሆነ። ከዚያ በኋላ አባዬ መጠየቁን ተወ። ማብሪያውን ማንም እንዳይነካው አዘዘን። መብራት ሲኖር ይበራል፣ ሲሄድ ይሄዳል፤ ማብሪያው ግን እንደተከፈተ ነው። ብርሃኑ እንቅልፍ ሲነሳን ከሳሙና ካርቶን ቆርጦ በእኛ በኩል መጋረጃ ሠራለት፤ ስንተኛ ይጋረዳል፣ ስንነሳ ይነሳል፤ በእሷ በኩል ግን አንድም ጊዜ አልጨለመም። ወይዘሮ በላይነሽ በጠራራ ፀሐይ አምፖሉ ሲበራ አይተው ግቢውን ቀውጢ አደረጉት። «ሀንዲሶ! ለፀሐይ ነው እንዴ የምታበራላት?» አባዬ ከስፌት መኪናው ቀና ብሎ «ክሩ አልታይ ብሎኝ ነው እሜቴ፤ ዓይኔ ደክሟል» አለ፤ ለቀኑም ለሌሊቱም ብሎ የሁለት አምፖል እየከፈለ ኖረ። ዓይኑ የንስር ነበር። ከቤታችን ማንም ትንፍሽ አላለም።

አምፖል ደግሞ ሁልጊዜ አይኖርም። አንድ እሑድ ጠዋት፣ እትዬ የሺ ቤተ ክርስቲያን በሄደችበት፣ ጭል ጭል አለና ሆዱ ጠቁሮ ቀረ። እማዬ እጇን አፏ ላይ ጫነች። አባዬ ኮቱን እንኳ ሳይደርብ ሮጦ ወጣ። በእሑድ ምድር ሱቅ ሁሉ ዝግ ነው፤ መናኸሪያው አጠገብ ብቻ አንድ ክፍት ሱቅ አግኝቶ፣ ላቡ ተንጠፍጥፎ፣ አምፖሉን በሸሚዙ ውስጥ አቅፎ ተመለሰ። «እንደ አሮጌው አርባ ሻማ የለም አሉኝ፤ ስልሳ ነው ያለው» አለ። የስፌት መቀመጫውን ጎትቶ ከቀዳዳው ሥር አቆመ። «ማብሪያውን አጥፊ» አለኝ። አጠፋሁ። «አንቺም ጫማሽን አድርጊ። እጅሽን አድርቂ። አሁን ጨርቁን አቀብዪኝ።» እኔ በኋላ ስንት ክፍል ተማሪ ያስተማርኩት ያንኑ ነው፤ ማጥፋት፣ ጫማ፣ ደረቅ እጅ፣ ደረቅ ጨርቅ። አንድም ተማሪ ከየት እንዳመጣሁት አያውቅም። አባዬ አጥብቆ ወረደ፤ አበራሁት። ቤቱ ቦግ አለ። የጣሪያው ጥላሸት፣ የሸረሪቱ ድር፣ የእማዬ ፊት ሳይቀር ሌላ መሰለ። አባዬ የተቃጠለውን በኪሱ ከተተና ወደ መኪናው ተመለሰ። በሰላም ተወጣነው ብለን ሁላችንም ተነፈስን።

እትዬ የሺ ተመለሰች። በሯ ሲከፈት ሰማን። እማዬና አባዬ ተያዩ።

«ጋሼ!» አለች ድንገት በቀዳዳው። ድምፁ የእሷ አይመስልም፤ የልጃገረድ ነው። «ጋሼ፣ አያችሁት? መብራቱን አያችሁት? እንዴት እንደፈካ! አሁን ከቅዳሴ ስወጣ ልቤ ነግሮኝ ነበር። ልጄ ሊመጣ ነው!»

አባዬ ከመቀመጫው ተነሳ። አፉን ከፈተ። ከዚያ መልሶ ዘጋው።

በማግስቱ ቴሪሊን ጨርቅ ይዛ መጣች፤ ውኃ ሰማያዊ፣ ያኔ የመጨረሻው ፋሽን። ለታደለ ሸሚዝ እንዲሰፋላት ነው። «ኮሌታው እንደ ዘመኑ ረዘም ይበል ጋሼ። ልኩን መቼም ያውቁታል። ብቻ ትንሽ ሰፋ ያድርጉት፤ እዚያ ወፍሮ ይሆናል» አለች። አባዬ ጨርቁን ተቀበለ። ምን ሊያደርግ ይችላል? እሷ ስትወጣ እማዬ በሩን ዘጋችና «ዛሬ ካልነገርካት ነገ አትችልም፤ ንገራት» አለችው በሀድይኛ፣ ቀዳዳው እንዳይሰማ። አባዬ ግን በአማርኛ መለሰላት፣ በሹክሹክታ። ምናልባት በአማርኛ ቢለማመደው ለእትዬ የሺ መንገር ይቀለው መስሎት ይሆናል። «ምን ብዬ? ልጅሽ አይደለም፣ ስልሳ ሻማ ነው ልበላት?»

ሆድ ይፍጀው ብሎ ሰፋው። አባዬ ሲሰፋ የማፏጨት ልማድ ነበረው፤ ያን ሸሚዝ ሲሰፋ አላፏጨም። ኮሌታውን ሰፍቶ ፈታው፤ መልሶ ሰፋው። እኔ ከአጠገቡ ተቀምጬ ቁልፍ እያቀበልኩት «ግን እኮ አባዬ፣ ሊመጣም ይችላል አይደል?» አልኩት። መኪናውን መርገጥ አቁሞ አየኝ። «ይችላል» አለ። በዚያች ቅጽበት አባዬ ራሱ ሲያምን በዓይኔ አየሁት፤ ራሱ የገዛውን አምፖል! ለዚህ ነው እስከ ዛሬ በነገሩ መፍረድ ያቃተኝ።

እትዬ የሺ ሸሚዙን ከመብራቱ ሥር ምስማር ላይ ሰቀለችው። መቀመጫ ላይ ቆሜ በቀዳዳው ሳይ እጅጌው ይታየኛል። የመኪና ድምፅ በተሰማ ቁጥር በሯ ይከፈታል። ቤቱን በአፈር ቀለም ቀባችው፤ ፀጉሯን ተሠራች፤ ፈትሏን እየፈተለች ታንጎራጉር ጀመር። ከዚያ በልጉ ገባ፤ ክረምቱም ተከተለ፤ እንሰቱ አዲስ ቅጠል አወጣ፤ የሸሚዙ ትከሻ አቧራ ያዘ። ማንጎራጎሩ መቼ እንደቆመ አላስታውስም። ቆሞ ስንሰማው ነው ያወቅነው። አባዬ ስንት ጊዜ ከቀዳዳው ሥር ሄዶ ቆሞ እንደተመለሰ ግን አስታውሳለሁ፤ «የሺ» ይላል፤ «አቤት ጋሼ» ትላለች፤ «ደህና ነሽ ወይ?» ብሎ ይመለሳል።

በመጨረሻ ወንድሟ ከአገሯ መጥቶ ሊወስዳት ተነሳ። የምትሄድ ዕለት ጠዋት፣ ዕቃዋ ሁሉ ተሸክፎ ካለቀ በኋላ፣ «ጋሼ፣ አሁን አጥፉት» አለች በቀዳዳው። አባዬ ማብሪያውን ራሱ አጠፋው። እኛ በኩል ስትመጣ ዓይኗ ያበጠ አይመስልም፤ ፊቷ የታጠበ ነበር። «አንድ ነገር ልለምንዎት። ያቺን አምፖል ይስጡኝ» አለችው።

«የሺ» አለ አባዬ። «አገርሽ እኮ መብራት አልገባም።»

«አውቃለሁ። ባይገባም። የልጄን ነገር የነገረችኝ እሷ ናት።»

አባዬ መቀመጫው ላይ ወጣ። እማዬ ከታች እግሩን ያዘችለት። ከታደለ ሸሚዝ በተረፈው ሰማያዊ ቁራጭ ጠቅልሎ ሰጣት። እሷም በሙዳይ ውስጥ ከሸሚዙ ጋር አስቀምጣ፣ ሙዳዩን በጭኗ ይዛ፣ አውቶቡስ ላይ ወጣች። መብራት ወደሌለበት አገር አምፖል አቅፋ ሄደች። ከዚያ ወዲህ አላየናትም። ከጊዜ በኋላ የራሳችንን ቤት ሠራን፤ ለየክፍሉ አምፖል ገባ፤ ግድግዳውም ብሎኬት ነው፣ ቀዳዳ የለውም። አባዬ ግን እስከ ዕለተ ሞቱ መብራት ከማጥፋቱ በፊት ወደ ግድግዳው ቀና ብሎ «እናጥፋው?» ይል ነበር። ማንም አይመልስለትም። እሱ ግን ይጠብቃል። አንዳንዴ ከሚገባው በላይ ይጠብቅና እማዬ ከአልጋ ሆና «አጥፋው በቃ» ትለዋለች።

እንግዲህ የቀጠሮው እሑድ ደረሰ። ቸርች ውስጥ ምን እንደተሰበከ አላውቅም። ለሽማግሌዎቹ ምን እንደምላቸውም አላውቅም ነበር። ከአምልኮው በኋላ አንዲት የታመመች ጓደኛዬን ጠይቄ፣ ቡና በቃኝ ብዬ ተነስቼ፣ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ወደ ቤት መጣሁ። ባጃጁ ከአስፋልቱ ላይ አወረደኝና ኮብልስቶኑን ይዤ ኩርባውን እንደዞርኩ የበረንዳዬ መብራት ታየኝ።

ፈክቷል። ድሮ ቢጫ ነበር፣ እንደ ደከመ ዓይን። አሁን ነጭ ሆኖ፣ የግቢውን በር ዘሎ መንገዱ ላይ ፈሷል።

«ልጄ መጣ!» አልኩ። እኔ! የስልሳ ሻማን ታሪክ ከነጥፍሩ የማውቅ ሴት! ሸሚዙ ሲሰፋ ቁልፍ ያቀበልኩ! ጉልበቴ ከመቼው እንደ ልጅ እንደሆነልኝ እግዜር ይወቀው፤ ነጠላዬ ከትከሻዬ ወርዶ ሲጎተት አልታወቀኝም። የግቢውን በር በርግጄ ገባሁና «ምህረቱ!» ብዬ ተጣራሁ።

የወጣችው ሳሮን ናት። አሮጌው አምፖል በእጇ ነበር፤ በደረቅ ጨርቅ ይዛዋለች።

«እኔ ነኝ እማማ» አለች ቀስ ብላ።

በረንዳው ደረጃ ላይ ቁጭ አልኩ። እሷ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና፣ እንዳላስቀየመችኝ ለማወቅ ፊቴን እያየች፣ በአንድ ትንፋሽ አስረዳችኝ። ትናንት ከእናቷ ጋር ሱቅ ሄደው ቆጣቢ አምፖል ገዝተዋል። ዛሬ እናቷ ወደ ዱራሜ ከመሳፈሯ በፊት ወንበር ላይ ቆማ ቀይራዋለች። «እኔ ማብሪያውን አጠፋሁ። ጫማ አድርገን ነበር፤ እጃችንንም አድርቀናል፤ አንቺ እንዳስተማርሽኝ» አለች። «ይሄኛው ትንሽ ነው የሚበላው። ቀን ከሌት ቢበራ እንኳ የመብራት ካርዳችንን አይጨርስም። ደግሞ ሻጩ ብዙ ዓመት አይቃጠልም ብሎናል።»

ብዙ ዓመት አይቃጠልም። የእትዬ የሺ አምፖል ቢያንስ ይቃጠል ነበር። ይሄኛው እኔ ካለፍኩ በኋላም እዚያው ሆኖ በሩን ሲያበራ፣ ይህች ልጅ ከሥሩ ስትጠብቅ፣ ጎልማሳ ስትሆን፣ ስታረጅ ታየኝ። አባዬም ታየኝ፤ አፉን ከፍቶ መልሶ ሲዘጋ። አባዬ በሕይወቱ ሙሉ ሳይናገረው የቀረው ነገር በእኔ ላይ ደረሰ። አሁን ካልተናገርኩ ነገ አልችልም አልኩ።

«ሳሮን» አልኳት። «ስሚኝ። አባትሽ… አባትሽ ላይመጣ ይችላል የኔ እናት።»

ጨርቁን በአምፖሉ ዙሪያ አጠበቀችው።

«አውቃለሁ» አለች።

«ማን ነገረሽ?»

«እናቴ ናት። ቆየ እኮ።»

«ታዲያ… ታዲያ ይህን አምፖል ለምን ቀየርሽው?»

«ላንቺ ነዋ!» አለች፣ ይህ እንዴት ይጠፋሻል በሚል ድምፅ። «መስኮቱ ጋ ቆመሽ ስታዪው አይሻለሁ። አሮጌው ጭል ጭል ማለት ጀምሮ ነበር፤ አንቺ አላየሽም። ቢቃጠልብሽስ ብዬ ፈራሁ። መምህራችን ብክነት ያሉት ለማንም የማያበራውን ነው። ይሄ ላንቺ ያበራል አይደል?»

እቅፍ አደረግኋት፤ አሮጌው አምፖል በመካከላችን እንዳይሰበር በአንድ እጇ ከፍ አድርጋ ይዛው ነበር። አለቀስኩ። ምህረቱ ከሄደ ወዲህ እንደዚያ አልቅሼ አላውቅም፤ ማልቀስ ሞቱን ማመን መስሎኝ ነው። እሷ አላለቀሰችም፤ ጀርባዬን ቸብ ቸብ ታደርገኝ ነበር፣ እሷ ሕፃን ሳለች እኔ አደርጋት እንደነበረው።

ሽማግሌዎቹ ሲመጡ እዚያው ደረጃው ላይ ነው ያገኙን። ሰብሳቢያችን በብርሃኑ ዓይናቸውን ጨፈን እያደረጉ «መብራታችሁ እንዴት ፈካ እባካችሁ!» አሉ። ከዚያ የመጡበትን ለመናገር ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ አላስጨረስኳቸውም። «ይሁን» አልኳቸው። «ድንኳኑን ትከሉ። ለልጄ እናልቅስለት።» ባርኔጣ ያደረጉት ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ትንሽ ቆመው፣ ፀሎት አድርገው፣ ለማክሰኞ ተነጋግረን ሸኘኋቸው።

የግቢውን በር ዘግቼ ስመለስ ሳሮን ከማብሪያው አጠገብ ቆማ ነበር። እጇ ማብሪያው ላይ ነው፤ ግን አልተጫነችውም። ጫማዋን አድርጋለች። እንዳሳደግኋት ቀና ብላ ጠየቀችኝ።

«እማማ፣ እናጥፋው?»

ወደ መብራቱ አየሁ፤ ወደ መንገዱም አየሁ። መንገዱ ላይ ማንም አልነበረም።

«ትንሽ ይቆይ» አልኳት።